ቴሌስኮፕ ሳይሠራ ሌሎች ዓለማት አሉ ያለው መነኩሴ

በጽንፈ ዓለሙ ውስጥ ስንት ፕላኔት አለ? ዛሬ ስልካችሁን ከፍታችሁ ብትፈልጉ ግምቱን ወዲያው ታገኛላችሁ። ከ400 ዓመት በፊት ግን መልሱን በድፍረት መናገር ብዙ ያስከፍል ነበር። ዛሬ የምናስታውሳችሁ ጆርዳኖ ብሩኖን ነው።

ብሩኖ በ1548 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ነው) ኔፕልስ አጠገብ ባለችው ኖላ ተወለደ። በ17 ዓመቱ ዶሚኒካን ገዳም ገባ፣ በኋላም ቀሰሰ። ችግሩ፣ የተከለከለ መጽሐፍ ማንበብ ይወዳል። በ1576 ሊከሰስ መሆኑን ሲያውቅ ጥሎ ጠፋ። ጄኔቭ፣ ቱሉዝ፣ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ፕራግ እያለ ዞረ። የትም አልበረከተም፤ እውነቱን ለመናገር አፉም አያርፍም ነበር።

ለንደን ሳለ በ1584 ያሳተመው መጽሐፍ ነው ጉዳያችን። ኮፐርኒከስ መሬት ፀሐይን ትዞራለች ብሎ ነበር፤ ፀሐይ ግን ለእሱ አሁንም መሃል ላይ ናት። ብሩኖ እሱንም አለፈው። ከዋክብት ሩቅ ያሉ ፀሐዮች ናቸው፣ በዙሪያቸውም እንደኛ ያሉ ዓለማት ይዞራሉ፣ ቁጥራቸው ማለቂያ የለውም፣ መሃል የሚባል ቦታም የለም አለ። ልብ በሉ፣ ቴሌስኮፕ ገና አልተሠራም! በእጁ አንድም መለኪያ የለም። ክርክሩ የፈላስፋ ነው፦ ኃይሉ ወሰን የሌለው ፈጣሪ እንዴት ወሰን ያለው ዓለም ብቻ ይፈጥራል የሚል። ሳይንስ ነው ለማለት ይከብደናል፤ ግምቱ ግን ግምት ነው!

በ1591 ሞቼኒጎ የሚባል የቬኒስ ባላባት የማስታወስ ጥበብ አስተምረኝ ብሎ ጠራው። በዓመቱ ያው ጋባዡ ለኢንኩዊዚሽን አሳልፎ ሰጠው። ሮም ውስጥ 7 ዓመት ታሰረ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በፕላኔት ብቻ አልተቃጠለም። በሥላሴና በክርስቶስ አምላክነት ላይ የቀረቡበት ክሶች ከባድ ነበሩ፤ የብዙ ዓለማት ትምህርቱም አብሮ ተቆጠረበት። ካድ ሲሉት በመጨረሻ እምቢ አለ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1600 ካምፖ ደ ፊዮሪ አደባባይ ላይ፣ እንዳይናገር አፉ ተለጉሞ፣ ከነሕይወቱ ተቃጠለ።

ፀሐይን የሚመስል ሌላ ኮከብ የሚዞር ፕላኔት የተገኘው በ1995 ነው፤ 395 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ኬፕለር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ፣ ፕላኔት በፊታቸው ሲያልፍ ብርሃናቸው ቅንጣት የሚቀንስ ከዋክብትን ሲጠብቅ ኖረ። እስካሁን በሁሉም መንገድ የተረጋገጡት ከ5,000 በላይ ናቸው። ስሌቱ ግን በአማካይ ለአንድ ኮከብ ቢያንስ አንድ ፕላኔት ይሰጣል። የኛ ጋላክሲ ብቻ ከ100 ቢሊዮን በላይ ከዋክብት አሉት፤ ጋላክሲዎቹ ራሳቸው በመቶ ቢሊዮኖች ይገመታሉ። በቃ፣ ማባዛቱን ለእናንተ ትተናል።

የብሩኖ ሐውልት ከ1889 ጀምሮ በተቃጠለበት አደባባይ ላይ ቆሟል፤ ጠዋት ጠዋት ዙሪያው የአትክልት ገበያ ነው። ሮም ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፣ ስታልፉ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን።