ቪልሄልም ሺምፐር፤ የስሜን ዕፀዋት መዝጋቢ

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ገደል እየወረደ ወደ ድብ ባሕር የሚያመራ መንገደኛ ገብስና ኮሶ የሚበቅሉበትን ብርዳማ ደጋ ለቆ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ ሞቃት አገር ይሸጋገራል። ከፍታው በተለወጠ ቁጥር ዕፀዋቱም ይለወጣሉ፤ ከዕፀዋቱም ጋር የአገሬው መድኃኒት ይለወጣል። በዚህ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ለቤተ ሰቡም ሆነ ለከብቱ የሚሻውን መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ የሚለቅመው ከዚያው ከማሳው ዳር ነው። ልጁን ምች ሲመታው ዳማከሴ ጨምቆ ያጠጣዋል፤ በሬውን ቅማልና መዥገር ሲያስቸግረው በድግጣ ቅጠል ያጥበዋል፤ አልቅት በአፍንጫው የገባበትን ከብት በትንባሆ ውሃ ያክመዋል፤ የወተቱን ዕቃ በወይራ ጢስ ያጥናል። ለእርሱ የሰው ጤናና የእንስሳ ጤና በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ነገሮች ናቸው።

ከነዚሁ ዕፀዋት መካከል ጦስኝ በሳይንስ ቋንቋ ቲሙስ ሺምፐሪ፣ እንቆቆ ደግሞ ኤምቤሊያ ሺምፐሪ ይባላሉ። ሁለቱም የአንድን ሰው ስም ይዘዋል። ይህም ሰው ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ኖሮ በዐድዋ ያረፈው ጀርመናዊው የሥነ ዕፀዋት ተመራማሪ ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው።

ሺምፐር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1804 በባቫርያ፣ በኑርንበርግ አቅራቢያ ነው። ቤተ ሰቡ የተፈጥሮ ሊቃውንትን ያፈራ ቤተ ሰብ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ካርል ፍሪድሪሽ ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 የበረዶ ዘመን የሚለውን ስያሜ ለሳይንስ ያበረከተ ነው። ቪልሄልም በሙኒክ የተፈጥሮ ሳይንስ ካጠና በኋላ በኤስሊንገን ከተማ ለተቋቋመው የጉዞ ማኅበር ዕፀዋት ሰብሳቢ ሆነ። የማኅበሩ አሠራር ለዘመኑ ብልህ ነበር፤ ይኸውም ሽቶይድልና ሆሽሽቴተር የተባሉ ሁለት ጠበብት ከአባላት መዋጮ እየሰበሰቡ ተጓዦችን ወደ ሩቅ አገር ይልካሉ፤ ተጓዡ የሚልከውን የደረቀ ዕፅ ደግሞ በቁጥር ለይተው ለየአባሉ ያከፋፍላሉ። ሺምፐር በዚሁ ወጪ አልጄርያን፣ ግብፅን፣ ሲናንና ዐረብን ከዞረ በኋላ በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1837 ዐድዋ ላይ ሥራውን ጀመረ።

በዚያን ጊዜ ትግሬንና ስሜንን አጣምረው ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። በስሜን ዋና መቀመጫቸው እንጨትካብ ነበር። ሺምፐር የእርሳቸውን ፈቃድ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1838 እና በ1840 የስሜንን ተራሮች በመውጣት በቧሂትና በስልኪ ላይ ዕፀዋት ሰበሰበ። ቧሂት ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ሰብሳቢው ከተከዜ ሸለቆ ቆላ ጀምሮ እስከዚህ ከፍታ ድረስ የሚበቅለውን እየለየ መመዝገብ ነበረበት።

የሥራው ዘዴ ሲታይ ቀላል፣ ሲሠሩት ግን ብርቱ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነበር። ዕፁ ከነአበባው፣ ከነፍሬው፣ ቢቻልም ከነሥሩ ይነቀላል፤ በወረቀት መካከል ተዘርግቶ በክብደት ይጫናል፤ እርጥበቱን የጠጣው ወረቀት ደጋግሞ ይለወጣል። በስሜን ጉምና በክረምት ዝናብ ወረቀቱን ማድረቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ አንድ ቀን ቢዘነጋ ሻጋታ የሳምንቱን ድካም ያጠፋዋል። ከደረቀ በኋላ የተገኘበት ቦታ፣ የአበቃቀሉ ሁኔታና ቀኑ ተጽፎ ይታሰራል፤ በበቅሎና በሰው ሸክም እስከ ምጽዋ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ አውሮፓ ይጓዛል። ቦታና ቀን ያልተጻፈበት ቅጠል ምንም ያህል ቢያምር ለሊቁ ገለባ ነው። ሺምፐር ከአንድ ዕፅ ብዙ ናሙና ይወስድ ስለ ነበር አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይተካዋል። የዚህ ልማድ ጥቅም የታየው እርሱ ከሞተ ከ65 ዓመት በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1943 የበርሊን የዕፀዋት መዘክር በአውሮፕላን ቦምብ ሲቃጠል ከዚያ የነበሩት ናሙናዎች አመድ ሲሆኑ፣ በፓሪስ፣ በለንደን አጠገብ ባለው በኪውና በሌሎችም ከተሞች የተቀመጡት ተጓዳኞቻቸው ተረፉ።

ከእነዚያ እሽጎች ብዙ አዲስ ስም ወጣ። ዐድዋ በላቲን አፍ አዶዋ ተብላ ለኮሰረት ሳይንሳዊ ስም ሰጠች፤ ስሜንም ለሳማ ስሙን አወረሰ። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር እ.ኤ.አ. ከ1847 እስከ 1851 ላሳተመው የኢትዮጵያ ዕፀዋት መጽሐፍ ከመሠረቱት ስብስቦች አንዱ የሺምፐር ነው። ይሁንና ዕፁ የት እንደሚገኝ መንገዱን የመሩት እረኞች፣ ጥቅሙን የነገሩት እናቶችና የመድኃኒት ዐዋቂዎች በላቲኑ ስም ውስጥ አልተጠሩም። ያለ እነርሱ ርዳታ አንድ እንግዳ ሰው ያን ሁሉ ሊሰበስብ እንደማይችል ግልጽ ነው።

በዚያን ዘመን የኢትዮጵያ መድኃኒት ተብሎ በአውሮፓ ስሙ የገነነው ኮሶ ነበር። ዛፉ ከ2,400 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ይበቅላል፤ የሴቴው ዛፍ ቀይ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፤ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ብዙ ሰው በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣትን እንደ ልማድ ይዞት ነበር። መድኃኒቱ ትሉን ያስወጣል፤ ትሉ ደጋግሞ ለምን እንደሚመጣ ግን በዚያን ጊዜ በማስረጃ የተረጋገጠ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1861 ጀርመናዊው ሊቅ ሎይካርት የኮሶ ትልን ዕንቁላል ጥጃ አብልቶ በጥጃው ሥጋ ውስጥ የትሉን ዕጭ አገኘ። በዚህም ዑደቱ ተገለጠ፤ ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ ዕንቁላሉ ከሣር ጋር ወደ ከብቱ ይገባል፤ ሰውም የከብቱን ጥሬ ሥጋ ሲበላ ትሉን መልሶ ይወስዳል። እንግዲህ ከብቱ የሚታመመው በባለቤቱ፣ ባለቤቱም የሚታመመው በከብቱ ነው። ኮሶ ብቻውን ይህን ቀለበት ሊቆርጠው አይችልም፤ የሚቆርጡት መጸዳጃ ቤት፣ የሥጋ ምርመራና እሳት ናቸው። ከዚህም ሌላ ኮሶ ያለ ልክ ሲጠጣ ሰውነትን የሚያደክም፣ ዓይንንም የሚጎዳ መሆኑ በኋላ በሐኪሞች ተጽፏል።

ሺምፐር በኢትዮጵያ የኖረው እንደ ተጓዥ አልነበረም። ያገር ሴት አገባ፤ ልጆች ወለደ። ደጃዝማች ውቤም በትግራይ የእንትጮን አውራጃ ሰጥተውት ገዥ ሆነ። ውቤ ለንግሣቸው ይሆን ዘንድ በስሜን ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥም የሺምፐርና የአገሩ ልጅ የሠዓሊው የኤድዋርድ ዛንደር ስም ይነሣል። ዳሩ ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ በደረስጌ ጦርነት ውቤን ድል አድርገው ማረኳቸው፤ ከጥቂት ቀን በኋላም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ ሲወድቁ የሺምፐርም ሹመትና ርስት ቀረ። ከእንግዲህ ወዲህ ኑሮው በዕፀዋቱና ከፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያገኝ በነበረው ድጋፍ ላይ የተመሠረተ ነበር። በመጨረሻም ዐፄ ቴዎድሮስ ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር ወደ መቅደላ ወሰዱት፤ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ነፃ ወጣ።

ያን ጊዜ ዕድሜው ስድሳን አልፎ ነበር። ከጦሩ ጋር ወደ አውሮፓ ለመመለስ የሚችል ሲሆን እርሱ ግን ወደ ዐድዋ ተመለሰ። የዐድዋን አካባቢ መሬትና ዕፀዋት የሚገልጹ ካርታዎችንና ጽሑፎችን አዘጋጅቶ ትቷል። እ.ኤ.አ. በ1878 በ74 ዓመቱ በዚያችው ከተማ አረፈ።

ሺምፐር ከሞተ አሥር ዓመት ገደማ በኋላ በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ ከብቱን ፈጀው፤ ከአሥር ከብት ዘጠኝ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። ከዚህም ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ተከተለ። በዚያን ጊዜ በየቤቱ የነበረው ቅጠልና ሥር ሁሉ ተሞክሮ አልረዳም። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 የታወጀው በክትባት ብርታት ነው። የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ ነው። በስሜን ተራሮች ግርጌ ቤትና መንጋ የሚጠብቀው ውሻ ያልተከተበ እንደ ሆነ በሽታውን ለጌታው፣ ለከብቱና ለስሜኑ ቀይ ቀበሮ ያስተላልፋል። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2003 የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ገድሏል። በውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ አጥቦ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ሲገባው፣ የሚጠጣ ሥር ፍለጋ ቀናትን ቢያባክን ሕይወቱን ያጣል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና።

ይህን መናገር ያገር መድኃኒትን መናቅ አይደለም። መናቅ የሚሆነው ሳይመረምሩ መጣልም፣ ሳይመረምሩ ማመንም ነው። ሺምፐር ያስተማረው ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ ይኸውም መመዝገብን። የኢትዮጵያ ሊቃውንትም በዚሁ መንገድ ገፍተውበታል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ብሔራዊ የዕፀዋት መዘክርና እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጻሕፍት ዝግጅት ዕፀዋቱን በያገራቸው ስምና በሳይንሳዊ ስማቸው አጣምረው አቅርበዋል።

የቀረው ሥራ ግን ብዙ ነው። በዳባት፣ በደባርቅና በድብ ባሕር ያሉ የመድኃኒት ዐዋቂዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ዕውቀታቸውም ብዙውን ጊዜ በቤተ ሰብ ምሥጢር ተጠብቆ የሚኖር ነው። ይህ ዕውቀት በባለቤቶቹ ፈቃድና በስማቸው ሊመዘገብ ይገባዋል፤ የዕፁ ክፍል፣ የተለቀመበት ከፍታና ወር፣ መጠኑ፣ ለሰው ወይስ ለከብት እንደ ተሰጠ፣ ማን እንደ ዳነና ማን እንዳልዳነ ጭምር ተጽፎ። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሺምፐር በሞተ በመቶኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ተራራው ተመዝግቧል፤ በተራራው ላይ የሚኖረው ሰው ስለ ዕፀዋቱ የሚያውቀው ነገር ደግሞ መዝጋቢ ይፈልጋል።