ብሮኒስላቭ ሁበርማን

ብሮኒስላቭ ሁበርማን (1882 – 1947 እ.ኤ.አ.) በፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ዛሬ የእስራኤል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ በመባል የሚታወቀውን የሙዚቃ ተቋም የመሠረተ ሲሆን፣ በዚህም በናዚዎች ምክንያት ከሥራቸው የተባረሩ በርካታ ሙዚቀኞችን ከነቤተሰቦቻቸው ከሞት አድኗል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ሁበርማን ዲሴምበር 19 ቀን 1882 በጊዜው በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው የፖላንድ ከተማ ቸንስቶሆቫ ተወለደ። ቫዮሊን መማር የጀመረው በዋርሶ ነው። በ1892 ወደ በርሊን ሄዶ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረውን የቫዮሊን መምህር ዮሴፍ ዮአኪምን አገኘ። በ1895 ታዋቂዋ ዘፋኝ አዴሊና ፓቲ በቪየና ባቀረበችው የስንብት ኮንሰርት ላይ ተጫውቶ የሕዝቡን አድናቆት አተረፈ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ13 ዓመቱ፣ የዮሐንስ ብራምስን የቫዮሊን ኮንቸርቶ ደራሲው ራሱ በተገኘበት በቪየና ተጫወተ። ብራምስም በልጁ አጨዋወት ልቡ እንደተነካ ይነገራል።

የፖለቲካ አቋም

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሁበርማን ስለ አገሮች ግንኙነት በጥልቅ እንዲያስብ አደረገው። የአውሮፓ አገሮች ካልተባበሩ ሌላ ጦርነት አይቀርም ብሎ ስላመነ የፓን-አውሮፓ ንቅናቄ ደጋፊ ሆነ፤ በ1932ም በዚሁ ጉዳይ ላይ መጽሐፍ አሳተመ።

በ1933 ናዚዎች በጀርመን ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳውያን ሙዚቀኞች ከመንግሥት ኦርኬስትራዎችና ከኦፔራ ቤቶች ተባረሩ። በዚያው ዓመት የበርሊን ፊልሃርሞኒክ መሪ ቪልሄልም ፉርትቬንግለር ሁበርማንን በበርሊን እንዲጫወት ጋበዘው፤ እርሱ ግን እምቢ አለ። ለጥቂት ታዋቂ ሰዎች የተለየ ፈቃድ መስጠት በሌሎች ላይ የሚፈጸመውን በደል አያስቀርም የሚል አቋም ነበረው። በ1936 ደግሞ ለጀርመን ምሁራን ዝምታቸውን የሚወቅስ ግልጽ ደብዳቤ በእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ አወጣ።

የኦርኬስትራው ምሥረታ

ሁበርማን በብሪታንያ አስተዳደር ሥር ወደነበረችው ፍልስጤም በተለያዩ ጊዜያት ሄዶ ኮንሰርት አቅርቧል። የሕዝቡን የሙዚቃ ፍቅር ስላየ፣ ከሥራ የተባረሩትን ሙዚቀኞች እዚያ ሰብስቦ ደረጃው ከፍ ያለ ኦርኬስትራ ለማቋቋም አሰበ። ለዚህም በልዩ ልዩ የአውሮፓ ከተሞች የችሎታ ፈተና ተካሄደ።

ከሁሉ የከበደው ሥራ ይህ ምርጫ ነበር። ወደ ፍልስጤም ለመግባት የሚያስፈልገውን የመኖሪያ ፈቃድ የብሪታንያ መንግሥት በቁጥር ወስኖ ይሰጥ ስለነበር፣ ፈተናውን ላለፈ ሙዚቀኛ የሥራ ቦታው መውጫ መንገዱም ጭምር ነበር። ያላለፈው ግን በዚህ መንገድ ፈቃድ አያገኝም። ሁበርማን የኦርኬስትራው ደረጃ እንዲጠበቅ አጥብቆ ይፈልግ ስለነበር ፈተናውን አላቀለለም። በሌላ በኩል ለተመረጡት ሙዚቀኞችና ለቤተሰቦቻቸው ፈቃድ ለማስገኘት ከባለሥልጣናት ጋር ለረጅም ጊዜ ተከራክሯል።

ገንዘብ ለማሰባሰብ በአሜሪካ እየተዘዋወረ ኮንሰርት አቀረበ፤ ሳይንቲስቱ አልበርት አይንስታይንም ረዳው። በፌብሩዋሪ 1936 በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ እየተጫወተ ሳለ፣ በ1713 የተሠራው ስትራዲቫሪ ቫዮሊኑ ከመልበሻ ክፍሉ ተሰረቀ። ይህን ቫዮሊን እስከ ዕለተ ሞቱ መልሶ አላገኘውም።

ከጀርመን የተባረረው የኦርኬስትራ መሪ ዊልያም ስታይንበርግ ሙዚቀኞቹን አለማመደ። ጣሊያናዊው አርቱሮ ቶስካኒኒም ያለ ክፍያ ለመምራት ተስማማ። የፍልስጤም ኦርኬስትራ የመጀመሪያውን ኮንሰርት ዲሴምበር 26 ቀን 1936 በቴል አቪቭ አቀረበ። ከዝግጅቱ ሥራዎች መካከል የብራምስ ሁለተኛ ሲምፎኒ እና ናዚዎች ያገዱት የአይሁድ ተወላጁ የሜንደልሶን ሙዚቃ ይገኙበታል። ሁበርማን በዚያ ምሽት በመድረኩ ላይ አልተጫወተም። ኦርኬስትራው ከዚያ በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በሃይፋና በግብፅ ተጫውቷል።

የመጨረሻ ዓመታት

በኦክቶበር 1937 ሁበርማን ተሳፍሮበት የነበረው አውሮፕላን በሱማትራ ደሴት ተከስክሶ ግራ እጁ ክፉኛ ተጎዳ። ቫዮሊን ተጫዋች የሙዚቃውን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው በግራ እጁ ጣቶች ስለሆነ፣ ሙያው ያበቃለት መስሎ ነበር። ነገር ግን በብዙ ልምምድ አገግሞ በ1938 ወደ መድረክ ተመለሰ። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካ አሳለፈ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ስዊዘርላንድ ተመልሶ በጁን 1947 በ64 ዓመቱ አረፈ።

መታሰቢያ

ሁበርማን ካረፈ ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ፣ በሜይ 1948 የእስራኤል መንግሥት ሲታወጅ በሥነ ሥርዓቱ ላይ የተጫወቱት የዚሁ ኦርኬስትራ አባላት ነበሩ። ኦርኬስትራውም የአሁኑን ስሙን ያገኘው ከመንግሥቱ መመሥረት በኋላ ነው። በእርሱ ጥረት የዳኑት ሙዚቀኞችና ቤተሰቦቻቸው 1000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። በቴል አቪቭ የኦርኬስትራው አዳራሽ የሚገኝበት መንገድ፣ በትውልድ ከተማው በቸንስቶሆቫ ደግሞ የከተማዋ ፊልሃርሞኒክ በስሙ ይጠራሉ። የተሰረቀው ቫዮሊን በ1985 ሌባው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ለሚስቱ ከተናዘዘ በኋላ ተገኝቷል፤ ከ2001 ጀምሮ አሜሪካዊው ቫዮሊን ተጫዋች ጆሹዋ ቤል ይጫወትበታል።