ቶማስ ሀንት ሞርጋን፦ ዝንብ ያስተማረችው ሳይንቲስት

ዛሬ በታዋቂ ሰዎች አምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት የቶማስ ሀንት ሞርጋንን የሕይወት ታሪክ ነው። ሙዝ በጣም ሲበስል ላዩ ላይ የሚያንዣብቡትን ደቃቅ ዝንቦች ታውቋቸዋላችሁ አይደል? እኛ በእጃችን እናባርራቸዋለን። ይሄ ሰው ግን ሰብስቦ አሳደጋቸው።

ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1866 በአሜሪካ፣ ኬንታኪ ግዛት፣ ሌክሲንግተን ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመቶችም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ልጅ እያለ ሜዳና ጫካ እየዞረ የወፍ እንቁላል መሰብሰብ ይወድ ነበር። በ1890 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። በ1904 ደግሞ ኒውዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ።

በዚያን ጊዜ ሳይንቲስቶችን የሚያከራክር አንድ ጥያቄ ነበር። ልጅ የወላጆቹን መልክ የሚወርሰው በምን በኩል ነው? አንዳንዶቹ በሕዋስ ውስጥ ባሉ ክር በሚመስሉ ክሮሞዞሞች በኩል ነው ይሉ ነበር። ሞርጋን ግን አላመነም። በሙከራ ያላየውን ነገር ዝም ብሎ የሚቀበል ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ራሱ ሊሞክር ተነሳ። ዝንብ የመረጠው በምክንያት ነው። ምግቧ የበሰለ ሙዝ፣ ቤቷ የወተት ጠርሙስ ነው። ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ አውጥታ ለመብረር ደግሞ 10 ቀን ገደማ ይበቃታል። ጠባቡ የሥራ ክፍሉ በጠርሙስ ተሞልቶ ስለነበር የዝንብ ክፍል የሚል ስም ወጣለት።

ለሁለት ዓመት ያህል ግን ምንም የረባ ነገር አልተገኘም። ሞርጋን ተስፋ ሊቆርጥ ደረሰ። በ1910 ከዓይነ ቀዮቹ ዝንቦች መሀል አንድ ዓይነ ነጭ ወንድ ብቅ አለ! ከዓይነ ቀይ ሴት ጋር ሲያዳቅለው 1,237 ዓይነ ቀይ ልጆች ተወለዱ። ነጩ ጠፋ ማለት ነው? አልጠፋም። እነዚህን ልጆች እርስ በርስ ሲያዳቅላቸው 782 ዓይነ ነጮች ተገኙ። የሚገርመው 782ቱም ወንዶች ናቸው፤ አንዲት ሴት እንኳ የለችበትም።

ለምን? ሴቷ ዝንብ ኤክስ የሚባለው ክሮሞዞም ሁለት አላት፤ አንዱን ከእናቷ፣ አንዱን ከአባቷ ታገኛለች። ወንዱ ግን አንድ ብቻ አለው፤ እሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው። የዓይን ቀለም የሚወስነው ዘረመል ያለው እዚህ ኤክስ ላይ ነው። ሴቶቹ ከአባታቸው ቀዩን ስለሚወርሱ ነጩ ይሸፈንባቸዋል። ወንዱ ከእናቱ ነጩ ከደረሰው ግን የሚሸፍንለት የለም። በሰዎችም ቀይና አረንጓዴ ቀለምን አለመለየት በወንዶች ላይ የሚበዛው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ሞርጋን ሲቃወመው የነበረው ሀሳብ ትክክል መሆኑን ያረጋገጠው ራሱ ሆነ ማለት ነው። አላፈረም፤ ውጤቱን ጽፎ አሳተመው።

በዝንብ ክፍሉ ውስጥ ተማሪዎችም ነበሩ። አልፍሬድ ስተርተቫንት የተባለው ገና 19 ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን የሙከራውን ውጤት ቤቱ ወስዶ፣ የቤት ሥራውን ትቶ ሲሠራ አደረ። ሲነጋ ዘረመሎች በክሮሞዞም ላይ እንዴት እንደተሰለፉ የሚያሳየውን የመጀመሪያውን ካርታ ሠርቶ ነበር። (እናንተ ግን ይሄን ለቤት ሥራ ሰበብ እንዳታደርጉት!) ካልቪን ብሪጅስ ደግሞ ሥራ የጀመረው በጠርሙስ አጣቢነት ነው። አዲስ ዓይነት ዝንብ ሲገኝ ዘሩ ለብቻው በጠርሙስ ይያዛል፤ ለሌሎች ተመራማሪዎችም ይላክ ነበር።

ሞርጋን በ1928 ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ካልቴክ ተዛወረ። በ1933 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ገንዘቡን ለራሱ ልጆች፣ ለስተርተቫንት ልጆችና ለብሪጅስ ልጆች አካፈለው። በ1945 በ79 ዓመቱ አረፈ።

የዝንቦቹ ሥራ ግን አላበቃም። በ1971 እዚያው ካልቴክ ሲሞር ቤንዘርና ተማሪው ሮናልድ ኮኖፕካ ቀንና ሌሊታቸው የተዛባ ዝንቦች አገኙ። ያንን የሚቆጣጠረው ዘረመል የተገኘው ከነጭ ዓይን ዘረመል አጠገብ ነው! ዛሬም የአንጎልን ሥራ የሚያጠኑ ሰዎች ዓይነ ነጭ ዝንቦችን ይጠቀማሉ። አዲስ ዘረመል ሲያስገቡ የቀይ ዓይን ዘረመል አብረው ያስገባሉ። የተወለደው ዝንብ ዓይኑ ቀለም ካለው ሥራው እንደተሳካ ያውቃሉ። በ2024 ደግሞ 140,000 ገደማ የነርቭ ሕዋሳት ያሉት የአንዲት ዝንብ ሙሉ የአንጎል ካርታ ወጥቷል።

እኔ በቡድን ሥራ ላይ መሳሳቴን እያወቅኩ ልክ ነኝ ብዬ የተከራከርኩበት ጊዜ አለ። ጓደኞቼም ተናደውብኝ ነበር። ይሄን ታሪክ ሳዘጋጅ እሱ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ሞርጋን ትልቅ ፕሮፌሰር ሆኖ በአንድ ዝንብ ምክንያት ሀሳቡን ከቀየረ፣ እኔ ለጓደኛዬ ልክ ነህ ብል ምን ይጎድልብኛል?

በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!

አዘጋጅ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ ከ7ኛ ክፍል