አልዛይመር የሚባለው ሰው ማን ነበር?

አልዛይመር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በሽታው ነው። ስሙ ግን የአንድ ጀርመናዊ ሐኪም ስም ነው። ይህ ሐኪም ያኔ በማይክሮስኮፕ ያየው አንድ ነገር ከ100 ዓመት በኋላ በጂን ጥናት እንደገና መነጋገሪያ ሆኗል። ታሪኩን እንንገራችሁ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)።

አሎይስ አልዛይመር በ1864 በባቫሪያ፣ ማርክትብራይት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ህክምና ተምሮ በ1887 ተመረቀና በዓመቱ ፍራንክፈርት በሚገኝ የአእምሮ ህሙማን ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን ብዙ የአእምሮ ህመምተኛ ታስሮ ወይም ተዘግቶበት ይኖር ነበር። አሎይስ ግን ቀን ከህመምተኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል፣ ማታ ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅሮ ያመሻል። እዚያ የተዋወቀው ጓደኛው ፍራንዝ ኒስል የአንጎል ሴሎችን ቀለም ነክሮ አጉልቶ የማየት ዘዴ ነበረው። ሁለቱ አብረው ሠሩ።

1901 ለአሎይስ ከባድ ዓመት ነበር። ባለቤቱ ሴሲሊ ሦስት ልጆች ትታበት ሞተች። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አውጉስተ ዴተር የምትባል ሴት ሆስፒታሉ ገባች። ዕድሜዋ 51 ብቻ ነው። ዕቃ ትደብቃለች፣ ባሏን ያለምክንያት ትጠረጥራለች፣ ስሟን ጻፊ ስትባል ጀምራ መሃል ላይ ይጠፋባታል። ያረጀ ሰው ቢረሳ ጃጀ ተብሎ ይታለፋል። በ51 ዓመት ግን ምን ይባላል? አሎይስ ቀን በቀን እየጠየቀ የምትመልሰውን ሁሉ መዘገበ።

በ1903 ከፍራንክፈርት ለቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ከታዋቂው የአእምሮ ሐኪም ኤሚል ክሬፕሊን ጋር ሙኒክ ገባ። አውጉስተን ግን አልረሳትም። ሚያዝያ 1906 ስትሞት የህክምና መዝገቧና አንጎሏ ተልኮለት መረመረ።

ያየው ነገር ምን መሰላችሁ? አንጎሏ ተሸብሽቦ አንሷል። በነርቭ ሴሎች ውስጥ የተወሳሰቡ ክሮች አሉ፤ ከሴሎቹ ውጪ ደግሞ እንደ ዝቃጭ የተከማቸ ነገር ተበትኗል። ሦስተኛም ነገር ነበር። የነርቭ ሴሎችን የሚደግፉትና የሚንከባከቡት፣ ግሊያ የሚባሉት ሴሎች ተለውጠዋል፤ ብዙዎቹ ስብ አጠራቅመዋል።

በዚያው ዓመት ኅዳር ቱቢንገን በተደረገ የሐኪሞች ጉባኤ ግኝቱን አቀረበ። ከአዳራሹ አንድም ጥያቄ አልተነሳም! በ1910 ግን ክሬፕሊን በመማሪያ መጽሐፉ ላይ በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠራው። አሎይስ በ1912 ብሬስላው (የዛሬዋ የፖላንድ ቭሮትስዋፍ) ፕሮፌሰር ሆኖ ሲሄድ መንገድ ላይ ታመመ። ከዚያ በኋላ ጤናው አልተመለሰም፤ ታኅሣሥ 1915 አረፈ። ዕድሜው 51 ነበር፤ አውጉስተ ሆስፒታል ስትገባ በነበረችበት ዕድሜ።

ከሞቱ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተመራማሪው ሁሉ ዓይን ክሮቹና ዝቃጩ ላይ ሆነ። ሦስተኛው ነገር ወደ ጎን ተባለ። ግሊያዎቹን ወደፊት ያመጣቸው የጂን ጥናት ነው።

በ1993 ኤፒኦኢ4 የሚባለው የጂን ዓይነት በበሽታው የመያዝ ዕድልን እንደሚጨምር ታወቀ። በ2009 ሲአር1 የሚባል፣ ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዘ ጂን ተገኘ። በ2012 መጨረሻ ደግሞ ትሬም2 መጣ። ይህ ጂን አንጎል ውስጥ በዋናነት የሚሠራው በማይክሮግሊያ ነው፤ ከግሊያ ወገን የሆኑ የአንጎል ዘቦች ናቸው። ብዙም የማይገኝ አንድ የትሬም2 ለውጥ ያለበት ሰው የመያዝ ዕድሉ በ3 እጥፍ ገደማ ከፍ ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይክሮግሊያ ዝቃጩን ከብቦ ያጸዳል። ትሬም2 ሲበላሽ ዘቦቹ በደንብ አይሰባሰቡም፤ ቆሻሻው ይከማቻል። በሌላ በኩል ዘቦቹ ተቆጥተው ሳይበርዱ ሲቀሩ ብግነቱ ጤነኛውን የነርቭ ሴል ይጎዳል። ብግነት ማለት ቁስል ሲይዘን ቦታውን የሚያቀላውና የሚያሳብጠው የሰውነት ቁጣ ነው። ቁጣው አንሶም በዝቶም ጣጣ አለው።

ታዲያ ጂኑ ያለበት ሁሉ ይታመማል? አይደለም። በሽታውን በቀጥታ የሚያወርሱ ጂኖች ያሉት በጣም ጥቂት ቤተሰቦች ውስጥ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ግን ዕድሉን ይጨምራሉ እንጂ አይፈርዱም። ኤፒኦኢ4 እያላቸው አእምሯቸው ሳይነካ የሚያረጁ አሉ፤ ሳይኖራቸው የሚታመሙም አሉ። የደም ግፊትን መቆጣጠር፣ ስኳርን መከታተል፣ ከሲጋራ መራቅና ሰውነትን ማንቀሳቀስ ደግሞ በእጃችን ናቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አያታችሁ ወይም እናታችሁ መርሳት ሲያበዙ እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና ድብርትም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። መቼ እንደጀመራቸውና ምን ምን እንደሚረሱም ጽፋችሁ ያዙ፤ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

ይህን ማወቅ ያለበት ሰው ካለ ሼር አድርጉለት።