የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ አጭር የሕይወት ታሪክ

በዚህ ገጽ ታሪካቸውን የማቀርብላችሁ ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ናቸው። የተወለዱት በ1912 ዓ.ም. ነው። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋር በባቡር በከተማችን በድሬዳዋ አልፈው ተሰደዱ። በእንግሊዝ አገር ሳሉ የነርስነትን ሞያ መረጡ፤ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1931 ዓ.ም. ተመረቁ። የንጉሥ ልጅ ሲሆኑ በሽተኛ ማስታመምን አልናቁም።

አገራችን ነፃ ስትወጣ ተመለሱ፤ ልጅ አቢይ አበበንም አግብተው ወደ ነቀምት ሄዱ። ነገር ግን ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና በመጣ ሕመም በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በአዲስ አበባም በስማቸው የመታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ፤ ለዚህም ስልቪያ ፓንክኸርስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ በማሰባሰብ ብዙ ደከሙ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የተማርኩት፣ የእናትን ሕይወት ማዕርግም ሞያም ብቻቸውን እንደማይጠብቁት ነው። በፈቀደችው ጊዜ የምታረግዝበት መንገድና በቅርብ የሚገኝ ሐኪም ያስፈልጋታል። ዛሬ የእርግዝና መከላከያ እንክብሉ፣ መርፌውና በክንድ ሥር የሚቀበረው በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ዳሩ ግን ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የነፃ ንግድ ቀጣና በሆነው በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የምትሠራ እኅታችን፣ ከሥራ ስትወጣ ደጁ ተዘግቶ ከጠበቃት ነፃነቱ ምን ይረባታል? ስለዚህ አገልግሎቱ ከሥራዋ ቦታ ድረስ፣ በእርስዋም ሰዓት ይቅረብ እላለሁ። ለልዕልቲቱ ከዚህ የበለጠ መታሰቢያ አይገኝም።