ተራራን እየለካ የወጣው ሁምቦልት

ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብሎ አገርን መለየት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከፍታው ሲቀየር ዛፉም እንደሚቀየር ገበሬው ያውቀዋል። ይህንን በመሣሪያ እየለኩ ወደ ሳይንስ ካስገቡት ቀዳሚው ግን ጀርመናዊው አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ሁምቦልት በ1769 በርሊን ተወለደ። አባቱ የሞተው እሱ ገና ልጅ እያለ ነው። ካደገ በኋላ በፕሩሺያ የማዕድን መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በ1796 እናቱ ስትሞት ብዙ ሀብት ወረሰ፤ ሥራውን ለቀቀና ገንዘቡን ለጉዞ አዋለው። በ1799 ከእጽዋት ተመራማሪው ከኤሜ ቦንፕላን ጋር ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻገረ።

በ1800 ቬኔዙዌላ ውስጥ ቫሌንሲያ ሐይቅ ሲደርስ ውሃው እየጎደለ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ውሃው በመሬት ውስጥ ይሾልካል ይሉ ነበር። እሱ ግን የተራራው ደን መመንጠሩን፣ ወንዞቹም ለመስኖ መጠለፋቸውን አየና ምክንያቱ ይሄ ነው አለ። በ1822 ቡሲንጎ የተባለ ፈረንሳዊ እዚያው ሲሄድ በጦርነት ምክንያት እርሻው ተትቶ፣ ደኑ አገግሞ፣ ሐይቁም ከፍ ብሎ አገኘው።

በ1802 ሁምቦልት ችምቦራዞ ተራራ ላይ እስከ 5,900 ሜትር ገደማ ወጣ። ጫፉ ሳይደርስ ገደል አገደው። በ1807 ባሳተመው ሥራ ላይ ተራራውን ሥሎ እያንዳንዱን ተክል በከፍታው ጻፈ፤ ጎን ለጎን ሙቀቱንና የአየሩን እርጥበት አሰፈረ።

ታዲያ ይሄ ለኛ ምን ይጠቅማል? ዛፍ የሚጠማው ዝናብ ሲያንስ ብቻ አይደለም። ታች ሞቃትና ደረቅ አየር ከቅጠሉ ውሃ ይስባል። ደመና በሚያርፍበት ከፍታ ጥሙ ይቀላል። ከዚያ በላይ ደግሞ አፈሩ ስለሚቀዘቅዝ ውሃ እያለም ሥሩ በደንብ መሳብ ያቅተዋል። ስለዚህ ከፍታን፣ ሙቀትንና እርጥበትን ለያይቶ ማየት አይቻልም።

ሥራው እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። በ2019 የወጣ ጥናት በሥዕሉ ላይ ካሉት የከፍተኛ ቦታ ተክሎች ብዙዎቹ የተሰበሰቡት ከችምቦራዞ ሳይሆን ከአንቲሳና ተራራ መሆኑን አሳይቷል። የድሮ መረጃን ከዛሬው ጋር የሚያወዳድር ሰው መጀመሪያ የት እንደተለካ ማጣራት አለበት።

ሁምቦልት ሀብቱን በጉዞና በመጻሕፍት ኅትመት ጨርሶ በ1859 በ89 ዓመቱ አረፈ። ዛሬም ተራራ ላይ መስመር ዘርግቶ በየከፍታው ዛፍ የሚለካ ተማሪ ሁሉ የእሱን መንገድ ይከተላል።