በጆሮ የተፈተነ መጽሐፍ
የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን አጭር የሕይወት ታሪክ

ባሕር አይተን የማናውቅ የደጋ ልጆች እንኳ መርከብ፣ ማዕበል፣ የተቀበረ ወርቅና የባሕር ወንበዴ ሲነሣ ጆሯችን ይቆማል። ዛሬ እንዲህ ያሉ ታሪኮች በድምፅ ተቀድተው በእጅ ስልክ ሳይቀር ይደመጣሉ። ታዲያ የዚህ ዓይነቱን ታሪክ ቁንጮ የጻፈው ሰው ድርሰቱን ከማሳተሙ በፊት በቤተሰቡ ጆሮ እንደፈተነው ስንቶቻችን እናውቃለን? (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1850 በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ አንድያ ልጅ ነበር። ቤተሰቡ የመሐንዲስ ዘር ሲሆን፣ ሥራቸውም መርከቦች በሌሊት ከአለት ጋር እንዳይላተሙ የሚመራ የባሕር መብራት ግንብ ማቆም ነበር። በ1811 የበራውን የቤል ሮክ ግንብ ካቆሙት መሐንዲሶች አንዱ አያቱ ናቸው። ልጁ ግን ሳንባው ደካማ ነበር። ሌሊት በሳል ሲሰቃይ ሞግዚቱ መጽሐፍ እያነበበች፣ ታሪክ እያወራች ታጽናናው ነበር። እንግዲህ ስቲቨንሰን ፊደል ሳይለይ መጽሐፍን ያወቀው በጆሮው ነው።

አባቱ ቶማስ ልጃቸው ሙያቸውን እንዲወርስ ይመኙ ነበር። በ1867 ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምሕንድስና ጀመረ፤ በ1868ም ዊክ በተባለች ወደብ የጠላቂ ልብስ ለብሶ ባሕር ውስጥ እስከ መውረድ ደረሰ። ባሕሩን ወደደው፤ ምሕንድስናውን ግን አልወደደውም። በ1871 ደራሲ መሆን እንደሚፈልግ ቁርጡን ሲነግራቸው አባት ክፉኛ አዘኑ። ለማስታረቂያ ያህል ሕግ ተምሮ በ1875 ጠበቃ ቢሆንም እምብዛም አልሠራበትም። በሃይማኖት ጉዳይም አባትና ልጅ ተጋጭተው ነበር። በ1880 ልጆች ያሏትን አሜሪካዊት ፋኒ ኦስበርንን አገባ።

በ1881 ነሐሴ ላይ ቤተሰቡ ብሬማር በተባለች የስኮትላንድ መንደር ተሰበሰበ። ዝናቡ አላስወጣ አለ። ስቲቨንሰን የ13 ዓመት የእንጀራ ልጁን ሎይድን ሲያጫውት የአንድ ደሴት ካርታ ተሣለ፤ ከካርታውም ታሪክ ተወለደ። በየቀኑ አንድ ምዕራፍ ይጽፋል፤ የጻፈውንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቤተሰቡ ያነባል። ታዲያ ከሎይድ እኩል በታሪኩ የተማረከው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አባቱ! እኒያ ቆፍጣና መሐንዲስ እንደ ልጅ ተቀምጠው ያዳምጡ ጀመር። በሟቹ መርከበኛ ሣጥን ውስጥ የሚገኘውን ዕቃ ዝርዝር ራሳቸው ጽፈው ሰጡት፤ እሱም እንዳለ አስገባው። የወንበዴውን የፍሊንትን መርከብ ስም ያወጡትም እሳቸው ናቸው። የመብራት ግንብ ያላገናኛቸውን አባትና ልጅ አንድ ታሪክ አገናኛቸው።

ንባቡን የሰማ አንድ እንግዳ ምዕራፎቹን ወስዶ ለልጆች መጽሔት አዘጋጅ አደረሰ። ከ15ኛው ምዕራፍ በኋላ ግን ሐሳብ ነጠፈበት። ቀሪውን የጨረሰው ለሳንባው ሲል በሄደበት በስዊዘርላንድ፣ በዳቮስ ነው። «ትሬዠር አይላንድ» በመጽሔት ከወጣ በኋላ በ1883 መጽሐፍ ሆነ።

እስቲ ታሪኩን ልብ እንበል። ጂም የተባለው ልጅ የመርከበኞቹን ሤራ የሚያውቀው በፖም በርሜል ውስጥ ሆኖ ሲነጋገሩ በመስማት ነው። የዓይነ ስውሩ የፒው መምጣት የሚታወቀው በረዶ በያዘው መንገድ ላይ በሚያንኳኳው በትሩ ነው። ጂም በጨለማ ምሽጉ ውስጥ ሲገባ የሚያጋልጠው የበቀቀን ጩኸት ነው። ወንበዴዎቹም ጉልበታቸው የሚከዳቸው ከዛፎች መሐል በሚመጣ ድምፅ ነው። ዓይን ሲያይ ይረጋጋል፤ ጆሮ ብቻውን ሲቀር ግን ይጠረጥራል። የባሕር ታሪክ ሲደመጥ ልብ የሚሰቅለው ለዚህ እኮ ነው። በ1935 በእንግሊዝ አገር ለዓይነ ስውራን ከተዘጋጁት የመጀመሪያዎቹ በሸክላ የተቀዱ መጻሕፍት አንዱ የጆሴፍ ኮንራድ የማዕበል ታሪክ መሆኑ፣ በ1938ም ኦርሰን ዌልስ «ትሬዠር አይላንድን» በአሜሪካ ራዲዮ ማቅረቡ አያስገርምም።

ስቲቨንሰን በ1888 መርከብ ተከራይቶ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ተጓዘ፤ ሳሞአ ደሴትም ቤት ሠራ። የአገሩ ሰዎች የታሪክ ጸሐፊ ለማለት ቱሲታላ አሉት። በ1891 አንድ ታሪኩ በገዛ ቋንቋቸው ተተርጉሞ ታተመ። ታስረው ሳሉ የረዳቸው ባላባቶችም በ1894 ሲፈቱ እስከ ቤቱ ድረስ መንገድ ሠሩለት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 3 ቀን በ44 ዓመቱ በድንገት ሞተ። ሳሞአውያን ጫካውን መንጥረው አስከሬኑን በትከሻቸው ተሸክመው በቫኤአ ተራራ ጫፍ ቀበሩት።

እጩ መምህራን ሆይ! ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በራዲዮ ሲተርክ አገር ጸጥ ብሎ ያዳምጥ እንደነበር ታላላቆቻችንን ብንጠይቅ ይነግሩናል። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ባዶ ሊሆን ይችላል። አንድ መጽሐፍና አንድ ጥሩ ድምፅ ካለ ግን ሃምሳ ተማሪ ባሕር ይሻገራል። ሳንባው የታመመ ሰው ትንፋሹን ሳይሰስት ካነበበ፣ እኛ ጤነኞቹ ምን ምክንያት አለን? በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብብላቸው፤ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ስንደርስም እናቁም። የሚቀጥለውን ሳምንት ራሳቸው ይጠይቁናል።